በጀልባ ላይ አንቱ የለም

«ሰብልዬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ ሜሮን። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ይዤ የሥራ ጓንቴን እያወለቅኩ ነበር፤ አንዱ ወልቆ ሌላኛው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ጋሽ ይርጋ ያረፉት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው አፓርታማቸው፣ ወንዙ በሚታይበት መስኮት አጠገብ፣ በሚወዱት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። ልጃቸው ሥራ ከመግባቷ በፊት ልታያቸው ብቅ ስትል ገና ያልለመዱትን አዲስ ኮፍያ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው።

ልብ በሉ፣ «አረፈ» ነው ያለችው፤ «አረፉ» አላለችም። ሜሮን እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር ምላሷ ላይ አልበቀለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኛ የሲልቨር ስፕሪንግ ሴቶች እንዲህ የምትናገር ልጅ ስንሰማ ከንፈር እንመጣለን። የዚያን ቀን ግን ጋሽ ይርጋ ቢሰሟት ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። በቀብሩ ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር ለመነችኝ፤ እሺ አልኳት። እንዴት ብዬ እንደምጠራቸው የጨነቀኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ያወቅኳቸው በጥርስ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ቀን ከንፈራቸው ያበጠ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ቀጭን ሽማግሌ መጥተው ወንበሩ ላይ ተጋደሙ። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቻቸው ተሰብረዋል። የአገሬ ሰው መሆናቸውን አይቼ፣ «ምን መታዎት አባቴ?» አልኳቸው።

«አንቱታ» አሉኝ።

ምቱ ጭንቅላታቸውንም ሳይነካ አልቀረም ብዬ ሐኪሟን ልጠራ ስል አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሸራ ጀልባ አላቸው። የሸራው የታችኛው ጠርዝ የሚታሰርበት፣ ነፋስ በዞረ ቁጥር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚወረወር ረጅም የብረት ዘንግ አለ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸውን፣ ጨዋ የጨዋ ልጅ የሆነ ሰው፣ ለሽርሽር ይዘውት ወጡ። ዘንጉ ከኋላቸው ሲመጣ ያየው እሱ ነው። አይቶም ዝም አላለም። «ጋሽ ይርጋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ነገር ወደ እርስዎ የሚመጣ ይመስለኛል» ብሎ ጀመረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲል አንዱ ጥርሴ ሄደ፤ ወደ እርስዎ ሲል ሁለተኛው ተከተለ» አሉኝ ጋሽ ይርጋ። ሐኪሟ ስትገባ፣ እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ ስለማታውቅ፣ ሁለታችንም ለምን እንደምንስቅ ግራ ገብቷት ቆመች።

ጥርሳቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ተመላልሰዋልና ወዳጆች ሆንን። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ ግን በሞተር መርከብ ላይ ነው እንጂ ሸራ ነክተው አያውቁም። እዚህ መጥተው ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ደንበኛቸው የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጡረታ ቤት ሲገቡ ያረጀች ጀልባቸውን ለሚወዳት ሰው ልስጣት ብለው ለጋሽ ይርጋ ሰጧቸው። እሳቸውም በኋለኛው ጎኗ ላይ በፊደላችን «ቀስ በቀስ» ብለው ጻፉባት። አሌክሳንድሪያ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ያሉት ፈረንጆች «ቀ»ን ለማለት ሲያንቃቸው ማየት ትልቅ ደስታቸው ነበር።

እኔ የምፈራው ነገር ቢኖር ውሃ ነው። ጉለሌ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የማምነው ውሃ ባልዲ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንድ ቅዳሜ በነገር ጠምዘዝ አድርገው አሳመኑኝና ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ ውዳሴ ማርያሜን እየደገምኩ ተሳፈርኩ። ገመዱን ሳይፈቱ ሕጋቸውን ነገሩኝ። በጀልባ ላይ አንቱ የለም። ቃሉም ሦስት ብቻ ነው፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ተኛ። «ተኛ» ማለት ዘንጉ እየመጣ ነውና ባለህበት ተዘርጋ ማለት ነው፤ ከወታደር ቤት ያመጡት ቃል ነው።

«እንዴት አድርጌ ነው እርስዎን ተኛ የምልዎት?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔርን አንተ እያልሽ ትጸልያለሽ። እኔ ከእሱ በልጬ ነው?»

ምላሴ ግን እንቢ አለ። ያን ቀን ከአፌ የወጣው «ይልቀቁ» እና «ይያዙ» ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ አንቱ ስላቸው ጆሯቸው እንደተደፈነ ሁሉ ወደ ሌላ ያያሉ። «ጋሽ ይርጋ፣ ይሰሙኛል?» ስል ወንዙን «የተጠራ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። ሜሮን ከእኛ ጋር ስትወጣ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር። «አባዬ፣ ተኛ!» ትላለች፣ ይተኛሉ፣ አለቀ። ሰባራ አማርኛዋ ከሁላችንም የተሻለች መርከበኛ አደረጋት።

እንዲህ ስል ግን ጋሽ ይርጋ ክብር የማያውቁ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ከአሌክሳንድሪያ ቁልቁል ትልቁን ድልድይ አልፈን፣ ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ጫካው ውሃ ድረስ ሲወርድ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሸራውን ያላሉና ጀልባዋ በራሷ ፍጥነት በዳርቻው ትሄዳለች። ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ሥሩ ግማሹ በአየር ላይ የቀረ፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ አሮጌ ዛፍ ሲያዩ «እንደምን ዋሉ» ይሉታል። በአንድ እግሯ ጭቃ ላይ የቆመችውን ግራጫ ሽመላ «እትዬ» ነበር የሚሏት፤ «እትዬ ዛሬም ቅዳሴ ረፈደባቸው» ብለው ያሙልኛል። ከዛፉ ጫፍ ሆኖ የሚያየንን ራሰ ነጭ ንስርማ ስሙን እንኳ ደፍረው አይጠሩም፤ «እሳቸው» ብቻ ነው። አንዴ ለዛፍ አንቱ ብለው ለራሳቸው ሲሆን ለምን እንደማይፈልጉ ጠየቅኳቸው። «አንቱታ ለማይቸኩል ነው» አሉኝ። «ዛፉ አይቸኩልም፣ ሽመላዋም አትቸኩልም። እኔና አንቺ ነን ዘንግ ስር የተቀመጥነው።»

ባለፈው ፀደይ ልባቸው ታመመ። ሆስፒታል ሰነበቱ፤ መድኃኒት በሸሚዝ ኪሳቸው መያዝ ጀመሩ። ሜሮን ጀልባዋን ለሰው እንዲሰጡ ትጨቀጭቃቸው ጀመር፤ እሳቸውም በመጨረሻ እሺ አሉ፣ ግን አንዲት ጉዞ ለመኗት። ሜሰን ኔክ በሚባለው ጫካ ዳርቻ፣ ውሃው ላይ ባጎነበሰ ዛፍ ላይ የንስር ጎጆ ነበር። ከብርዱ ወራት ጀምረው ጎጆው ሲጠገን፣ ቀጥሎም የጫጩቱ ጭንቅላት ብቅ ሲል አይተዋል። ጫጩቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ሳላይ ጀልባዬን አልሰጥም አሉ። ሜሮን ያን ጊዜ አራስ ነበረች። ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ልጇን ታቅፋ መጥታ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀመጠች።

«ሀርቱ እኮ ጉድ አይደለም» አለችኝ። «እኔ ብሄድ ቤቢው አለ። አንቺ ሂጂለት። ግን ፕሮሚስ አድርጊልኝ፣ ይዘሽው ትመጫለሽ።»

ይዣቸው እመጣለሁ አልኳት። መዋኘት የማልችል ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ እንደማልኩ እኔም አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተቆራረጠ።

የወጣነው ሰኔ ላይ፣ ገና በጠዋቱ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ከኋላችን ለስለስ ያለ ነፋስ ነበር። ሜሰን ኔክ ስንደርስ ጎጆው ትይዩ መልሕቅ ጣሉ። ጫጩቱ የወላጆቹን ያህል አድጎ፣ ላባው ግን ገና ጥቁር ሆኖ፣ ከጎጆው ወጣ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ቆሟል። ክንፉን ይዘረጋል፣ ትንሽ ብድግ ይላል፣ ተመልሶ ቅርንጫፉን ይጨብጣል። እናቲቱ ዓሣ ይዛ መጥታ ከፊቱ ባለው ዛፍ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልሰጠችውም። «ና ብላ እየጠራችው ነው» አሉ ጋሽ ይርጋ በሹክሹክታ። ቀኑ እየገፋ ሄደ። ጫጩቱ ይዘረጋል፣ ይተወዋል። እኔ ግን ማየት የጀመርኩት እሱን ሳይሆን ጋሽ ይርጋን ነው፤ በየመሐሉ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ አየሽኝ አላየሽኝ ብለው መልሰው ያወርዱታል።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ያፍን ጀመር። ከጫካው ጀርባ በምዕራብ በኩል ደመና ተቆልሏል። እንሂድ አልኩ። ትንሽ ቆዪ አሉ። ደመናው ጠቆረ። እንሂድ አልኩ ደግሜ፣ በሜሮን ስም ለመንኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ልጅ ከሰርግ ቤት ጎትተው ሲያወጡት እንዲህ ይሆናል። መልሕቁን ሳቡ። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም።

ሸራውን ወደ ግራ አሰፍተው ከፈቱትና፣ አሁን አቅጣጫውን ለውጦ ከኋላችን በሚመጣው ነፋስ ወደ አሌክሳንድሪያ መመለስ ጀመርን። ጎጆው ገና ከኋላችን ይታያል። መሪውን ለእኔ ሰጥተውኝ ጀልባዋ ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ ሞተር ለማስነሳት ገመዱን ሳቡ፤ አሳል አሳል አድርጎት ጠፋ። ደግመው ሳቡ። ያን ጊዜ ነፋሱ ቆመ። ሸራው ተልፈስፍሶ ተንጠለጠለ። ወፍ የለም፣ እንቁራሪት የለም። ጋሽ ይርጋ ቀና ብለው ጫካውን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ቅጠሉ ሆዱን አሳየ» አሉ።

አየሁ። ዳርቻው ላይ ያለው ጫካ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፤ ነፋሱ ቅጠሉን ሁሉ ገልብጦት ነው። ከጫካው ሥር ጥቁር መስመር ውሃውን እያኮማተረ ወደ እኛ ይሮጣል። ሸራው ካልወረደ ይገለብጠናል አሉኝና በዚያ በታመመ ልባቸው የጀልባዋ ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለዘንጉ ሰጥተው የሸራውን ገመድ ይፈቱ ጀመር። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ አላቸው።

ነፋሱ የመጣው ከግራ ነው። ሸራው ያለውም በግራ ነው። ምን እንደሚሆን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ዘንጉ አንዴ ተርገፈገፈና ከቦታው ተነሣ። «ጋሽ ይርጋ» አልኩ። አልዞሩም። «ይተኙ» ልል «ይተ—» ብዬ ቀረሁ። በዚያች ቅጽበት የተሰበሩት ጥርሶች፣ ሶፋዬ ላይ ልጇን ያቀፈችው ሜሮን፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

«ተኛ!» አልኩ። «ተኛ፣ አንተ!»

እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቁ። ዘንጉ ኮፍያቸውን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ጥሎ በላያቸው አለፈና በሌላው ጎን እንደ መድፍ ጮኸ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ ውሃው እግሬ ድረስ ገባ። ከጣሪያው ላይ ድምፃቸው መጣ፤ «ልቀቂ!» የሸራውን ገመድ ለቀቅኩት። ሸራው እየተገረፈ ነፋሱን አፈሰሰና ጀልባዋ ቀና አለች። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ዳርቻውም ወንዙም አንድ ሆኑ። የማውቀው መሪውን ማቀፌን ብቻ ነው፤ ነፋሱ እየገፋ እየገፋ ወስዶ ወንዙ ታጥፎ ጫካው በሚወጣበት ጥግ ጭቃ ላይ ቀረቀረን።

በእንብርክኬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። በጀርባቸው ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ግን አይጠርጉትም። ኪሳቸው ውስጥ ገብቼ መድኃኒቱን አውጥቼ ከምላሳቸው ሥር አደረግኩ። የታካሚ አፍ መክፈት ሥራዬ ነው። «ጋሼ» አልኳቸው። «ጋሽ ይርጋ፣ ደህና ነዎት? ይሰሙኛል?» ለሜሮን ምን እላታለሁ? ለዚያ ሕፃንስ ሲያድግ ምን እለዋለሁ? አለቀስኩ። እያለቀስኩ ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኳቸው።

«ይርጋ! አንተ! አትሙትብኝ!»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሁን ሰማሁ» አሉ።

እየቀለዱብኝ ይሁን ወይም በእርግጥ ሄደው ተመልሰው እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ጠይቄያቸው ነበር፤ ስቀው አለፉኝ። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው የነገሩኝ። በጀርባቸው ሲወድቁ፣ ዘንጉ ከፊታቸው ላይ ሲነሣ፣ ነፋሱ ጫጩቱን ከቅርንጫፉ ሲያነሣው አይተዋል። መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ክንፉን ዘረጋና ነፋሱ ላይ ተቀመጠ አሉኝ። «ቆሜ ብሆን አላየውም ነበር።» እኔ ምንም አላየሁም፤ እኔ ያየሁት ዘንጉን ብቻ ነው። ሲናገሩ ግን ከንፈራቸው ቀለም እየመለሰ ስለነበር ይብረር፣ አይብረር፣ ለእኔ ግድ አልነበረኝም።

ዝናቡ አባራ፤ በኋላ በአጠገባችን ያለፈ ዓሣ አጥማጅ ከጭቃው ጎትቶ አሌክሳንድሪያ ድረስ አደረሰን። ሜሮን ልጇን ይዛ ማቆሚያው ላይ ቆማለች። ይዣቸው መጥቻለሁ። መጀመሪያ እኔ ወረድኩና እጄን ዘረጋሁላቸው። «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እጄን ይያዙ» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ደረቅ መሬት ረገጥሽ፣ ተመለሰብሽ» አሉኝ።

ጀልባዋ ከዚያ ወዲያ በእሳቸው እጅ አልወጣችም። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አፓርታማቸው ሄጄ መስኮቱ ሥር አብረን እንቀመጣለን፤ ወንዙ ላይ የሚያልፉትን ሸራዎች ያሟቸዋል። አንድ ቀን የኅዳር ነፋስ መስታወቱን ሲመታው፣ «እስቲ ያቺን ቃል ድገሚልኝ» አሉኝ። ሞከርኩ። ምንጣፉ ላይ፣ የሜሮን ሕፃን እግራቸው ሥር እየዳኸ፣ እንዴት ይወጣል? «ይተዉኝ ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቀየሙኝም።

የቀብራቸው ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ገለል ሲሉ ሜሮን ክንዴን ነካች፤ የምናገርበት ጊዜ ነው። ለሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መልካም ሰው እንደነበሩ፣ ወንዙን እንዴት እንደሚወዱ፣ ሁሉም በአንቱታ የተቀመመ። ልጀምር አፌን ስከፍት ሰዎቹ ሣጥኑን በመቀነቱ ወደ ታች ማውረድ ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ከመቃብሩ አጥር ወዲያ ካሉት ዛፎች ነፋስ ተነሣ፤ ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ሣጥኑ መቀነቱ ላይ እንደ ጀልባ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ያ ሁሉ ንግግር ከራሴ ጠፋ።

«ተኛ» አልኩት።

ከጎኔ የቆሙት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ደንግጠው ዞሩብኝ። «ምነው ልጄ! የአባትሽን ያህል ሰው እንዲህ ይባላል?»

ሜሮን እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ከእኔ ቀድማ መለሰችላቸው።

«ተያት» አለቻቸው በዚያ ሰባራ አማርኛዋ። «አባዬ ጀልባ ላይ ነው።»